ከመስኮቱ ውጭ የቆመው አስተማሪ

ይህ ታሪክ እውነት ነው። እውነት ሲባል ደግሞ ሰው ወሬ ሲያሞቅ «እውነቴን ነው» እያለ ጣል እንደሚያደርጋት ዓይነት አይደለም፤ ከጫፍ እስከ ጫፉ፣ ከነአራት ነጥቡ፣ ከነበረዶው እውነት ነው። ከዚህ ውስጥ አንዲት የተጋነነች ቃል ብትገኝ መኪናዬ ሰኞ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ሥራ በሚገባበት ሰዓት፣ ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት መንገድ መሃል ላይ ቀጥ ትበልብኝ፤ ከኋላዬ ያለው ሕዝብ በሙሉ ጡሩንባውን ይንፋብኝ። ታሪኩን ባለቤቱ እንዳልካቸው አራት ጊዜ ሲያወራው ተሰምቷል። አራቱም ጊዜ ያው ነው። ቁጥሮቹ ብቻ ትንሽ ትንሽ አድገዋል፤ ጤነኛ ነገር ማደጉ ደግሞ የታወቀ ነው።

እንዳልካቸውን የማያውቅ ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ ኖሬአለሁ ባይል ይሻለዋል። በአዘቦት ቀን ባለታክሲ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግን ስሂን ካፌ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ ላይ ሲሰየም፣ የመላው ሜሪላንድና የግማሽ ቨርጂኒያ ጸሐፊ ነበር። ሁለት እስክሪብቶ ይይዛል፤ ሰማያዊው ለመጻፊያ፣ ጥቁሩ ለማስፈረሚያ። የቤት አከራዩ ማሞቂያ ያልጠገነለት፣ የእናቱ ቪዛ የዘገየበት፣ መኪናው ያላግባብ የተቀጣበት ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤቱን ዞሮ፣ እስከ ሜትሮው ጣቢያ ይደርስ ነበር። የካፌው ባለቤት ስሂን «ከሦስት ሰው በልጦ አያውቅም» ትላለች፤ እሷ ግን ፊቷ ወደ ቡና ማሽኑ ስለሆነ ከኋላዋ የሚሆነውን አታይም።

አጻጻፉ የራሱ ነው። ወጣት ሳለ አገር ቤት በአንድ መዝገብ ቤት ሠርቷልና ምን ዓይነት ወረቀት ቢሆን ከላይ «ለክቡር» ብሎ ይጀምራል፤ ዝቅ ብሎ «ጉዳዩ፦» ይላል፤ መጨረሻው ላይ «የዘወትር ትብብርዎ እንደማይለየኝ በመተማመን» ብሎ ይዘጋል። ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው የሚያደርገው። ለአንድ የፓርኪንግ ቅጣት የጻፈውን ማመልከቻ ያነበቡ ዳኛ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠርገዋል፤ ቅጣቱን ከሰረዙ በኋላ ባለመኪናውን ቆመው ይቅርታ ጠይቀዋል ይባላል። የሚለው እንዳልካቸው ነው፤ እሱ ካለ ደግሞ አለቀ።

እንግዲህ በፈረንጆቹ 2009 መስከረም መጨረሻ፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ብርሃነሽ መጣች።

ብርሃነሽ ዲቪ ደርሷት የመጣች፣ አርባ ሊሞላት ሁለት ዓመት የቀራት፣ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ አንድ ባስና ሁለት ባቡር ይዛ የመጣች ሴት ናት። ስምንት ዓመት ሙሉ አናንዴል በሚገኝ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ሠርታለች፤ አዛውንቶቹን ከአልጋ ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ታበላለች። የምትፈልገው ነርስ መሆን ነበር። ነርስ ለመሆን ደግሞ ኮሌጁ በመጀመሪያ አንድ የጽሑፍ ኮርስ ማለፍን ይጠይቃል። ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ አቋርጣለች። ይህ ሦስተኛዋ ነው፤ ከሦስተኛው በኋላ ኮሌጁ አያስመዘግብም። ያም ሳያንስ የመጨረሻው ፈተና ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ያለ ስልክ፣ ያለ ረዳት፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተጽፎ የሚያልቅ ድርሰት ነው። ብርሃነሽን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራት ይኸው ነበር። ለሰው ሳታሳይ አንድ መስመር ጽፋ አታውቅማ።

ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ጋሽ እንዳልኬ፣ እባክህ ይቺን አንዴ እይልኝ።»

«ማነው የጻፈው?»

«እኔ። ማለቴ፣ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ የአጎቴ ልጅ አስተካከለው። ከዚያ ቸርች ያለ አንድ ወንድም ጥሩ ጥሩ ቃል ጨመረበት። ከዚያ ደግሞ ፀደንያ ታይፕ ስታደርገው ያልመሰላትን አወጣችው።» ፀደንያ የአሥራ አምስት ዓመት ልጇ ናት።

«እሺ፣ አንቺ የጻፍሽው የቱ ጋ ነው?»

ብርሃነሽ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። ገለበጠችው። መልሳ ወደ መጀመሪያው ገጽ መጣች።

«ስሜ ይኸውልህ» አለች።

ከጎን ጠረጴዛ ሳቅ ተሰማ። ጋሽ አያሌው ናቸው። ጋሽ አያሌው ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ከጠዋት እስከ ምሳ የሚቀመጡ፣ ጋዜጣ የሚያነቡ መስለው የሰው ወሬ የሚያነቡ አዛውንት ናቸው።

«አይዞሽ ልጄ፣ ስምሽንም ሳይቀይርብሽ አትሄጂም» አሉ።

«ጋሽ አያሌው፣ ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝ» አላቸው እንዳልካቸው።

«ሻዬ ከቀዘቀዘ ቆየ።»

ድርሰቱ «የምታውቁትን አንድ ቦታ ግለጹ» የሚል ነበር። እንዳልካቸው እጅጌውን ሰብስቦ ገባበት። «ለክብርት መምህርት» አለ። «ጉዳዩ፦ የማውቀውን ቦታ መግለጽን ይመለከታል» አለ። ቦታው አንድ መናፈሻ ነበር፤ እሱ ከጨረሰ በኋላ ግን ቤተ መንግሥት የሚያስንቅ ሆነ። ብርሃነሽ ወረቀቱን እንደ ሕፃን ልጅ ታቅፋ ሄደች።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። መምህርቷ ከሥሩ በእርሳስ የጻፈችው ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። «ቆንጆ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ ግን የት አለች? ልተዋወቃት እፈልጋለሁ።»

«ይኸው! ቆንጆ ብላለች!» አለ እንዳልካቸው።

«የኋለኛውን አንብበው» አሉ ጋሽ አያሌው ጋዜጣቸውን ሳያወርዱ። «መምህርቷ ሰው ጠፋብኝ እያለች ነው። ቶሎ ፖሊስ ጥራ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ተቀይሞ በቀረ። እንዳልካቸው ግን ሌላ ሰው አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አሰበ። ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ተራው ሲደርስ አያይም፤ ፌርፋክስ ውሰደኝ ያለውን ተሳፋሪ ሐሳብ ይዞት ባልቲሞር አድርሶታል፤ ተሳፋሪውም የሰውየውን ፊት አይቶ ሊረብሸው አልደፈረም። ያን ሰሞን ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ከነጭራሹ ከሰልፍ ይጠፋ ነበር። የት ነበርክ ሲሉት «ጉዳይ አለኝ» ይላል። የታክሲው መስታወት ላይም የኮሌጁ የፓርኪንግ ስቲከር ተለጥፎ ይታይ ነበር። ትልቅ ሰው እንግዲህ ብዙ ቦታ ጉዳይ አለው።

በሳምንቱ ዘዴው ተወለደ።

«ብርሃነሽ፣ ቁጭ በይ» አላት። ሰማያዊውን እስክሪብቶ ከደነ፤ ጥቁሩን ከደነ። ሁለቱንም ለስሂን ሰጣትና ዳቦ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠቻቸው። የካፌው ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ውጭ የሚያልፈው ባስ ሳይቀር ቀዝቀዝ አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ይህ እስክሪብቶ ላንቺ አይሠራም።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም። የምትጽፊው አንቺ ነሽ።»

«እኔማ አልችልም፣ ጋሽ እንዳልኬ። ብችልማ ሁለት ባቡር ይዤ ምን አመጣኝ?»

እንዳልካቸው አገጩን ያዘ። ሲያስብ አገጩን ይይዛል። «እስቲ ንገሪኝ። ሥራ ቦታ ሺፍት ስትቀይሪ ለሚቀጥለው ሰው ምን ትይዋለሽ?»

«አንነጋገርም፤ እንጽፋለን። ደብተር አለ።»

«በምን ቋንቋ?»

«በእንግሊዝኛ ነዋ! በአማርኛ ብጽፈው ማን ያነብልኛል?»

«እሱን ማነው የሚያርምልሽ?»

«ማንም። ጊዜውስ የት አለና። ባስ ያመልጠኛል እኮ።»

«ትናንት ምን ጻፍሽ?»

ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሳች፤ ደብተሩ እዚያ የተዘረጋ ይመስል። «ሚስስ ፓርከር ምሳ አልበላም አለች። ለምን ብዬ ጠየቅኳት። ሰው ሠራሽ ጥርሷ ድዷን አቁስሏታል። አወለቅኩላትና ሾርባ ሰጠኋት። ሁሉንም ጠጣች። ሐኪም ድዷን ይይላት።» ከዚያ ቀና አለችና ጨመረች፦ «ከኔ በፊት ለሦስት ቀን የጻፉት ሁሉ 'አልበላም ብላለች' ብቻ ነው የሚለው። እኔ ግን ጠየቅኳታ።»

እንዳልካቸው ጠረጴዛውን በጡጫ መታ። አሥራ ሁለት ስኒ ወደ ላይ ነጠረ፤ አሥራ ሁለቱም ተመልሶ በየማስቀመጫው አረፈ። «ስምንት ዓመት ስትጽፊ ኖረሻል! ስምንት ዓመት! ያውም የሰው ጤና ያለበትን ነገር! ታዲያ መናፈሻ ለመግለጽ የአጎት ልጅ ምን ያደርግልሻል?»

ደንቡንም እዚያው አወጣ። «ስትጨርሺ ለማንም ከማሳየትሽ በፊት ለራስሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ምላስሽ የተደናቀፈበት ቦታ ላይ ጭረት አድርጊ። ምን እንዳደናቀፈሽ አንቺው ፈልገሽ ከዳር ጻፊው። ያኔም ያልገባሽ ነገር ካለ አንድ ጥያቄ ይዘሽ ነይ። ጥያቄውን ብቻ! ወረቀቱን እንዳታመጪው።»

«ስህተት ቢኖረውስ?»

«ስህተቱም ያንቺ ይሁን።»

እንዲህ ተጀመረ። ብርሃነሽ በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጀመሪያ ጥያቄዋን ይዛ መጣች። «ትክክል ነው ወይ?»

«ይሄ ጥያቄ አይደለም፤ ልመና ነው» አለና በመጣችበት ባቡር መለሳት።

በተከታዩ ሳምንት «ጥሩ ቃል ልጨምርበት ወይ?» አለች። አሁንም መለሳት። በሦስተኛው ሳምንት ግን ካፖርቷን ሳታወልቅ ቆማ፣ «ስጽፈው ሚስስ ፓርከር ትቅደም ወይስ ጥርሷ?» አለች።

«አንቺ መጀመሪያ ያየሽው የቱን ነው?»

«ሳህኑን። ያልተነካውን ሳህን።» ፊቷ ሲበራ ካፌው በሙሉ ታየው። «ለካ ከሳህኑ ነው የምጀምረው» ብላ፣ ሻይ እንኳን ሳትጠጣ፣ ወጥታ ሄደች።

ጋሽ አያሌው ጋዜጣቸውን አጠፉ። «ይቺ ልጅ ልታመልጥህ ነው» አሉ።

«እንድታመልጠኝ ነው የምሠራው» አለ እንዳልካቸው። ይህን ሲል ድምፁ እንዴት እንደነበር የሰሙት ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

ግን ነገሩ እንዲህ ዝም ብሎ ቁልቁለት አልሆነም። ኅዳር ሲገባ ብርሃነሽ ሴቨን ኮርነርስ በሚባለው ሰፈር ባስ ስትጠብቅ ያ የቸርቹ ወንድም አገኛት። ደብተሯን ተቀብሎ፣ ባሱ እስኪመጣ ድረስ፣ በአረንጓዴ እስክሪብቶ አንድ ገጽ ሙሉ «አሳመረላት»። ለበጎ ነው ያደረገው። እኛ ሰፈር ደግሞ ሰው እንግሊዝኛ ይችላል ከተባለ፣ ወረቀት አይቶ እስክሪብቶ አለማውጣት እንደ ንፉግነት ይቆጠራል። ብርሃነሽም አይሆንም ማለት ከበዳት። ቅዳሜ ደብተሯን ይዛ ስትመጣ ገጹ ቄጤማ የተጎዘጎዘበት ይመስል ነበር።

«ይሄ አረንጓዴ ማነው?»

«ሰው ነው» አለች አንገቷን ደፍታ። «እሱ ዲግሪ አለው፣ ጋሽ እንዳልኬ። እኔ ማን ነኝ?»

ሌላ አስተማሪ ደብተሩን ይቀድደው ነበር። እንዳልካቸው አልቀደደም። እርሳስ ሰጣት። «አንድ በአንድ ሂጂበት። የምትፈልጊውን ያዢ፤ የማትፈልጊውን ሰርዢ። ለምን እንደሰረዝሽ ግን ለራስሽ ንገሪው።»

ሦስት ሰዓት ተቀመጠች። ስሂን በሩን ልትዘጋ ሁለት ጊዜ መጣች፤ ሁለቱንም ጊዜ እንዳልካቸው በእጁ ምልክት አቆማት። ብርሃነሽ አንድ በአንድ ሄደችበት። ከሃያ ሦስቱ አረንጓዴ አራቱን ተቀበለች፤ ዐሥራ ዘጠኙን ሰረዘች።

«ይሄን ለምን ሰረዝሽው? ትልቅ ቃል ነበር» አላት።

«እኔ እንደዚህ አልልማ» አለች።

ካፌው ተነስቶ አጨበጨበ። ለቡና የመጣ አንድ ፈረንጅ ምን እንደሆነ ሳይገባው አብሮ አጨበጨበ።

አሁን ወደ ፈተናው ቀን እንምጣ። የ2009 ዲሴምበር በረዶ ያልደረሰበት ሰው ካለ፣ የደረሰበትን ይጠይቅ። የመንገድ ምልክቶች ጫፋቸው ብቻ ነበር የሚታየው። ባስ ቆመ። ቤልትዌይ ነጭ ሜዳ ሆነ። ብርሃነሽ አሌክሳንድሪያ ከአፓርትማዋ በር ላይ ቆማ ስታለቅስ፣ ከነጩ መሃል አንድ ታክሲ ብቅ አለ። እንዳልካቸው ከሲልቨር ስፕሪንግ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እየነዳ፣ በአንድ እጁ መሪ በሌላው አካፋ ይዞ ነው የመጣው። ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን የሚለየውን ወንዝ የተሻገረው በድልድይ ይሁን በሌላ ዛሬም አይናገርም።

«ግቢ» አላት።

«ጋሽ እንዳልኬ፣ ካልቻልኩስ?»

«ስትገቢ ከመስኮቱ ውጭ ቆሜ ታገኚኛለሽ።»

ገባች። መምህርቷ ርዕሱን ሰሌዳው ላይ ጻፈች። «ማንንም ሳታማክሩ የወሰናችሁትን አንድ ነገር ጻፉ።» ሃያ ደቂቃ አለፈ፤ የብርሃነሽ ወረቀት ከውጭው በረዶ ይልቅ ነጭ ነበር። አርባ ደቂቃ አለፈ። ቀና ብላ በመስኮቱ አየች። እንዳልካቸው እስከ ወገቡ በረዶ ውስጥ ቆሟል። ዓይኗ ይለምናል። አንዲት ቃል፣ አንዲት የከንፈር ምልክት ብቻ! እንዳልካቸው ያቺን ቃል ያውቃታል። ምላሱ ጫፍ ላይ ናት። በዕድሜው ሙሉ ወረቀት ሰጥቶት ባዶ እጁን የመለሰው ሰው የለም። ልቡ ሲሰነጠቅ ለራሱ ተሰማው።

ከዚያም ጀርባውን አዞረ።

አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሙሉ ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ። በረዶው ትከሻው ላይ ተከመረ። ወፍ መጥታ አረፈችበት። ከኋላው፣ በመስታወቱ ውስጥ፣ የእስክሪብቶ ድምፅ ተሰማው፤ መጀመሪያ ቆም ቆም፣ ከዚያ እንደ ዝናብ። ብርሃነሽ ካልተነካው ሳህን ጀምራ ጻፈች። ስትጨርስ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ለራሷ አነበበችው፤ ሁለት ቦታ ጭረት አደረገች፤ አስተካከለችው፤ ሰጠች። «ኤ» አገኘች። መምህርቷ ራሷ ወደ ውጭ ወጥታ፣ የእንዳልካቸውን ጓንት በሁለት እጇ ይዛ፣ «እርስዎ ነዎት?» ብላ ጠየቀችው። እሱም በትሕትና እጅ ነሳ ይባላል።

እንግዲህ ታሪኩ ይህ ነው። ለአምስተኛ ጊዜ የተነገረው በ2012 ሜይ፣ ብርሃነሽ ነርስ ሆና በተመረቀችበት ቅዳሜ፣ አሌክሳንድሪያ በምትኖርበት ሕንጻ ፓርቲ ሩም ውስጥ ነው። ፀደንያ ፊኛ ሰቅላለች። ስሂን ምግቡን ይዛ መጥታለች። እንዳልካቸው አዲስ ሱፍ ለብሶ፣ ጁሱን ከፍ አድርጎ፣ ሳይጠሩት ተነስቶ ከሰባቱ ቀን ጀምሮ እስከ ወፏ ድረስ አንድ ሳያስቀር ተረከው። ሲጨርስ ደረቱን መታ። «ያስተማራት ይሄ ጀርባ ነው!» አለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ከቸርች የመጡት እልል አሉ።

ጭብጨባው ሲበርድ፣ በኬኩ ጠረጴዛ ዙሪያ የቀሩት ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ጋሽ አያሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ጠጋ አሉ።

«እኔ ፖሊስ ጥራ ያልኩት ትዝ አይለኝም» አሉ። «የምለው ነገር ግን ይመስላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለታችሁ ደብተር ላይ ተደፍታችሁ አይቻችኋለሁ። ማን ማንን እንደሚያስተምር ግን ከኔ ወንበር አይታይም ነበር። እስቲ አንቺ ንገሪን፣ ብርሃነሽ።»

ብርሃነሽ ኬክ እየቆረጠች ነበር። ድምፅዋን አላነሳችም። ለሚቀጥለው ሺፍት እንደምትጽፈው አድርጋ ነው የተናገረችው።

«በረዶው የጣለው ከፈተናው በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው። ፈተናው ማክሰኞ ነበር። ፀሐይ ነበር። በባስ ሄድኩ፤ ቀድሜ ደረስኩ። ያገኘሁት ቢ ፕላስ ነው። በቅቶኛል።» አንድ ቁራጭ ለጋሽ አያሌው ሰጠቻቸው። «ክፍሉ ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም።»

እንዳልካቸው የጁሱን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ስለ ሥራዬ የጠየቀችኝ መምህርቷ ናት። ወረቀቱን ትታችሁ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ኑ ያለችውም እሷ ናት፤ ለሁላችንም ነው ያለችው። አረንጓዴውን የሰረዝኩት ባስ ውስጥ ነው። ብቻዬን ነበርኩ።»

«ታዲያ እሱ ይህን ሁሉ ከየት አወቀው?» አሉ ጋሽ አያሌው።

ብርሃነሽ ቢላዋውን አስቀመጠች። እንዳልካቸውን አየችው፤ ክፉ አስተያየት አልነበረም።

«እሱም ተመዝግቦ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ከኋላዬ ነበር የሚቀመጠው። ማክሰኞና ሐሙስ። እስከ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ። 'ቆንጆ ደብዳቤ ነው፤ ጸሐፊው ግን የት አለ?' የተባለው የሱ ወረቀት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ አልመጣም። ወንበሩ እስከ ዲሴምበር ባዶውን ቆየ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ካፌ የምሄደው የተማርነውን ልነግረው ነበር። ይመለሳል ብዬ።»

ብርሃነሽ ጣቶቿን በሶፍት ጠርጋ ቦርሳዋን ከፈተችና አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። እንዳልካቸው ፊት፣ ከብርጭቆው አጠገብ፣ ዘርግታ አኖረችው።

«የሰመር ትምህርት ምዝገባ ዓርብ ይዘጋል፣ ጋሽ እንዳልኬ። ያቺው መምህርት ናት። ፎርሙን አምጥቼልሃለሁ፤ አልሞላልህም ግን። ራስህ ነህ የምትሞላው።»